ሁለት ከተማ፣ አንድ ፋይል

ከደጀን ተነሥቶ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ መጀመሪያ ብቸናን ያገኛል፤ ደብረ ወርቅን አልፎም ሞጣ ይደርሳል። ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው በስተግራው ከፍታው ከ4 ሺህ ሜትር የሚበልጠው ጮቄ አለ፤ በስተቀኙ አገሩ እየቆላ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ብቸና የእነማይ ወረዳ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናቸው፤ የዞናቸው የምሥራቅ ጎጃም መቀመጫ ደብረ ማርቆስ ነው። ሁለቱን ከተሞች በቀጥታ ቢለኳቸው ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ።

በአገሩ ሁሉ እንደሚታየው፣ እዚህም ጉዳይ ለማስፈጸም ከገጠር የመጣ ሰው በማለዳ የመሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የመሬት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ በብብቱ ሸጉጦ። ቢሮው ሲከፈት ባለሙያው ኮምፒውተሩን ነካ ነካ ያደርግና ቀና ይላል።

«አባቴ፣ ትንሽ ይታገሡን። ሲስተም የለም።»

«መቼ ይመጣል ልጄ?»

«እሱን እንግዲህ ከዞን ነው የሚያስተካክሉት።»

ከዚህ መልስ በስተጀርባ ያለው ችግር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዴ መብራት ሄዷል፤ አንዳንዴ መስመሩ ተቋርጧል፤ አንዳንዴ ሰርቨሩ ራሱ ወድቋል። እነዚህ ቢያንስ ይታወቃሉ፤ ባለጉዳዩም ባለሙያውም አንድ ነገር እንደተበላሸ ያያሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላኛው ነው። ሲስተሙ አለ፣ ስክሪኑ በርቷል፣ ፋይሉ ተከፍቷል፤ ሆኖም ብቸና ላይ የሚታየው ቁጥርና ሞጣ ላይ የሚታየው ቁጥር ይለያያል። ወይም ሁለቱ አንድ ናቸው፣ አንድ የሆኑት ግን የአንደኛው ከተማ ሥራ በሌላው ስለተተካ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት ድምፅ የለውም፤ ማንም ሳያየው ሪፖርቱ ተፈርሞበት ይሄዳል።

ይህ ለምን እንደሚሆን ለመረዳት በአንድ ዶሜይን፣ ማለትም በአንድ አስተዳደር ሥር በሚመራ የኮምፒውተሮች መረብ፣ ውስጥ ያሉ ሰርቨሮች ፋይል እንዴት እንደሚለዋወጡ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቅጂው ለምን አስፈለገ?

አንድ ፋይል ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ባለ አንድ ሰርቨር ላይ ብቻ ቢቀመጥና ሁሉም ከዚያ ቢከፍተው ግጭት አይኖርም ነበር። ያ እንዳይሆን ያደረገው መስመሩ ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት ወረዳኔትን ሲዘረጋ፣ የመሬት መስመር ያልደረሰባቸውን ወረዳዎች ያገናኘው በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል። ከወረዳ የተላከ ጥያቄ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱም እንደዚያው ወጥቶ እስኪወርድ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ግማሽ ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ኮምፒውተር ግን ከሩቅ ሰርቨር አንድ ፋይል ለመክፈት አንዴ ጠይቆ አይበቃውም፤ ፎልደሩ አለ ወይ፣ ፈቃድ አለኝ ወይ፣ ፋይሉ ስንት ነው፣ የመጀመሪያውን ክፍል ስጠኝ እያለ ይመላለሳል። ምልልሱ መቶ ቢሆን ሃምሳ ሰከንድ በባዶ አለፈ፤ አንድም የፋይሉ ገጽ ገና አልተነበበም። የመስመሩን ስፋት ቢያሳድጉትም ይህ ጊዜ አይቀንስም፤ ምክንያቱም የሚፈጀው ርቀቱ ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ወደ ሰውየው ማቅረብ ግድ ሆነ። ብቸና የራሷ ሰርቨር ይኑራት፣ ሞጣም የራሷ፤ ሠራተኛው በአጠገቡ ካለው ማሽን ይክፈት፤ ማሽኖቹ ደግሞ ለውጡን በጓሮ በኩል ይቀያየሩ። ሬፕሊኬሽን የሚባለው ይህ ነው።

የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ነገር በወረቀት ዘመንም ያውቀዋል። አንድ ደብዳቤ ሲወጣ ከግርጌው «ግልባጭ» ተብሎ የሚደርሳቸው ክፍሎች ይዘረዘራሉ። ዋናው አንድ ነው፤ ግልባጩ የደረሰው ክፍል ያነበዋል፣ በማኅደር ያስቀምጠዋል፣ በላዩ ላይ ግን አይጽፍበትም። በዊንዶውስ ኤንቲ ዘመን የነበረው የፋይል ማባዣም እንዲሁ ነበር፤ አንድ ላኪ ሰርቨር አለ፣ ሌሎቹ ተቀባይ ብቻ ናቸው። ማይክሮሶፍት በፈረንጆቹ የካቲት 2000 ዊንዶውስ 2000ን የዶሜይኑን ተጠቃሚዎችና ኮምፒውተሮች ከሚመዘግበው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር ሲያወጣ ይህ ተለወጠ። ዶሜይኑን የሚያስተዳድር እያንዳንዱ ሰርቨር፣ ማለትም ዶሜይን ኮንትሮለር፣ መጻፍም ማሰራጨትም ቻለ። ግልባጭ የነበረው ሁሉ ዋና ሆነ። ለሩቅ ወረዳ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መስመር ቢቋረጥም ሞጣ ያለ ሠራተኛ ሥራውን ይቀጥላል። ችግሩም ከዚያው ከጥቅሙ ጋር አብሮ ገባ፤ ሁሉም መጻፍ ከቻለ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሊጽፍ ይችላል።

ሦስት ሰርቨር በአንድ ላፕቶፕ

ይህን ከመተረክ ሠርቶ ማየት ይሻላል። በላፕቶፔ ውስጥ ሦስት ቨርቹዋል ሰርቨሮች ጫንኩና ማርቆስ፣ ብቸና፣ ሞጣ ብዬ ሰየምኳቸው። ሦስቱንም በአንድ ዶሜይን አስገባኋቸው። ማርቆስ መሃል ላይ ናት፤ ብቸናና ሞጣ የሚገናኙት በእሷ በኩል ነው፤ የዞንና የወረዳ አሠራር እንዲህ ስለሆነ። «የዞን ሪፖርት» የሚል ፎልደር በሦስቱም ላይ ከፍቼ ዲኤፍኤስአር በሚባለው አገልግሎት እንዲባዛ አደረግሁ። በውስጡ አንድ የኤክሴል ሠንጠረዥ አስቀመጥሁ፤ የማዳበሪያ ሥርጭት ሪፖርት ነው። በየረድፉ የወረዳ ስም፣ የገባ ኤንፒኤስ፣ የገባ ዩሪያ፣ ለአርሶ አደር የተሠራጨ፣ መጋዘን የቀረ። ቁጥሮቹ የሙከራ ናቸው፤ ቅጹ ግን የትኛውም ወረዳ የሚያውቀው ዓይነት ነው።

መጀመሪያ መስመሩ ደህና እያለ። ብቸና ላይ ፋይሉን ከፍቼ የእነማይን ረድፍ ሞላሁ፤ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ሞጣ ላይ ታየ። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ የሆነው ብዙ ነው። የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት በዲስኩ ላይ የተደረገን ለውጥ ሁሉ በተራ ቁጥር የሚይዝበት መዝገብ አለው። ዲኤፍኤስአር ያንን መዝገብ ይከታተላል። ፋይሉ እንደተዘጋ ለውጡን አይቶ በራሱ ዳታቤዝ ውስጥ የስሪት ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩ የብቸና ሰርቨር መለያና የብቸና ቆጣሪ አንድ ላይ ነው። ከዚያ ለማርቆስ አዲስ ነገር እንዳለ ያሳውቃል። ማርቆስ በበኩሏ «ከብቸና እስከ 1,204 ድረስ፣ ከሞጣ እስከ 877 ድረስ አለኝ» የሚል ዝርዝር ይዛለች እንበል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ ትጠይቃለች። 1,205ን ተቀብላ ለሞጣ ታሳልፋለች። ሞጣ መልሳ ለማርቆስ አትልከውም፤ ማርቆስ እንዳላት ከዝርዝሩ ይታያልና። ሰርቨር ቢበዛም ፋይል በክብ ሲዞር እንዳይውል የሚያደርገው ይህ ዝርዝር ነው። አሠራሩ እውነትም የሚደነቅ ነው፤ ማንም ከላይ ሆኖ ሳያዝዝ እያንዳንዱ ሰርቨር የጎደለውን ብቻ ያውቃል።

ቀጥሎ ብቸና ላይ ፋይሉን ከፍቼ ሳልዘጋው ሞጣ ላይ ከፈትሁት። በአንድ ሰርቨር ላይ ቢሆን ኤክሴል «ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል» ብሎ ያስጠነቅቅ ነበር። እዚህ ምንም አላለም። ኤክሴል ፋይል ሲከፍት በአጠገቡ በ«~» ምልክት የሚጀምር ትንሽ የተደበቀ ፋይል ያኖራል፤ «እገሌ ይዞታል» የሚለው እዚያ ነው የሚጻፈው። ዲኤፍኤስአር ደግሞ ከመነሻው ቅንብሩ በዚያ ምልክት የሚጀምሩትን፣ እንዲሁም ጊዜያዊና የባክአፕ ፋይሎችን አያባዛም። ቢያባዛቸው መስመሩ በማይረቡ ፋይሎች ይጨናነቅ ነበር። ስለዚህ ፋይሉ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄድ ቁልፉ አብሮት አይሄድም።

አሁን መስመሩን ቆረጥሁት። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ብቸና ላይ የእነማይን ረድፍ አስተካክዬ ዘጋሁ። 4 ሰዓት ከ35 ላይ ሞጣ ላይ የሁለት እጁ እነሴን ረድፍ ሞልቼ ዘጋሁ። ሁለቱ የተለያየ ረድፍ ነው የነኩት፤ በወረቀት ቢሆን የሚጣሉበት ምክንያት አልነበረም። መስመሩን መልሼ አገናኘሁ። ትንሽ ቆይቶ ሦስቱም ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ፋይል ያዙ፤ የሞጣው ረድፍ በትክክል ተሞልቷል፣ የብቸናው እርማት የለም። በስክሪኑ ላይ ምንም ማስጠንቀቂያ አልወጣም።

ዲኤፍኤስአር ረድፍ አያውቅም፤ ማዳበሪያም አያውቅም። የሚያውቀው ፋይል ነው። አንድ ፋይል በሁለት ቦታ ከተለወጠ መጨረሻ ላይ የተለወጠው ያሸንፋል፤ ሌላው ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው በአንድ ስም አዲስ ፋይል ፈጥረው ከሆነ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል፤ ቀድሞ የተፈጠረው ያሸንፋል። የተሸነፈው ፋይል ወዲያው አይጠፋም። ዲኤፍኤስአር ለራሱ በሚይዘው የተደበቀ ፎልደር ውስጥ፣ የተጋጩና የተሰረዙ ፋይሎች በሚቀመጡበት ንዑስ ፎልደር ይገባል፤ ስሙ ላይ ረጅም መለያ ስለሚቀጠልበት በዓይን ለይቶ ማግኘት ያስቸግራል። የትኛው ፋይል ከየት እንደመጣ በአጠገቡ ያለ የኤክስኤምኤል መዝገብ ይናገራል። ግጭቱን ያየው ሰርቨርም በኩነት መዝገቡ ላይ በቁጥር 4412 አንድ መልእክት ይጽፋል። መልእክቱ የሚመዘገበው እንደ ተራ መረጃ ነው፤ የስህተት ቀይ ምልክት የለውም። የወረዳው ሠራተኛ ያንን መዝገብ አያይም፤ የዞኑ የአይሲቲ ባለሙያም ፈልጎ ካልከፈተው አያየውም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል ዩሪያ እንደቀረ የሚናገር አንድ ረድፍ ነው የጠፋው። በሰኔ ወር ያ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ይነግራችኋል።

ማን «መጨረሻ» እንደሆነ የሚወስነው የየሰርቨሩ ሰዓት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በዶሜይን ውስጥ ሰዓቶች ይናበባሉ፤ የመግቢያ ማረጋገጫው ከርቤሮስ ከመነሻው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይቀበልም። መስመር ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥና የማሽኑ የውስጥ ባትሪ ሲደክም ግን ሰዓቱ ይንሸራተታል። የብቸና ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቢቀድም ኖሮ በእኔ ሙከራ ያሸነፈችው ብቸና ትሆን ነበር፤ ቀድማ የጻፈች ብትሆንም።

ዶሜይኑ ራሱ የሚቆምበት ፎልደር

እስካሁን ያወራሁት ሰው ስለሚከፍተው ፋይል ነው። ዶሜይን ግን ለራሱም ፋይል ያባዛል። ሲስቮል የሚባል ፎልደር በእያንዳንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ አለ፤ የመግቢያ ስክሪፕቶችና የግሩፕ ፖሊሲ ፋይሎች የሚቀመጡት እዚያ ነው። የዞኑ ባለሙያ «ኮምፒውተር አሥር ደቂቃ ካልተነካ ይቆለፍ» ብሎ ቢያዝዝ፣ የትእዛዙ ግማሽ በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዳታቤዝ ውስጥ ይጻፋል፣ ግማሹ በሲስቮል ውስጥ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ሁለቱን ግማሾች የሚያጓጉዙት ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ናቸው፤ አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው ባለሙያው ደብረ ማርቆስ ላይ ያየው ፖሊሲ ሞጣ ላይ አንዳንዴ ጎደሎ ሆኖ የሚገኘው።

መዘግየትም አለ። በተለያዩ ሳይቶች፣ ማለትም በተለያዩ ቦታዎች ባሉ ሰርቨሮች፣ መካከል የአክቲቭ ዳይሬክተሪ የመለዋወጫ ጊዜ ከመነሻ ቅንብሩ 180 ደቂቃ ነው፤ እስከ 15 ደቂቃ ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ፖሊሲውን የሚያድሰው በየ90 ደቂቃው፣ እስከ 30 ደቂቃ ተጨምሮበት ነው። ጠዋት የተሰጠ ትእዛዝ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ የተበላሸ ነገር የለም ማለት ነው። ይህን ባለማወቅ አንድን ፖሊሲ አሥር ጊዜ የሚለውጥ ባለሙያ በከንቱ ይደክማል።

ሲስቮልን መጀመሪያ ያባዛ የነበረው ከዊንዶውስ 2000 ጋር የመጣው ኤፍአርኤስ ነው። አንድ ፊደል ቢለወጥ ፋይሉን በሙሉ ይልካል፤ ሁለት ሰርቨር በአንድ ስም ፎልደር ከፈጠሩ በአንዱ ላይ እንግዳ ስም ለጥፎ ይተወዋል፤ የለውጥ መዝገቡን ሳያነብ ከቆየ መዝገቡ በላዩ ላይ ይጻፍበትና ሥራውን ያቆማል። ዲኤፍኤስአር በፈረንጆቹ 2005 ማብቂያ ከዊንዶውስ ሰርቨር 2003 አር2 ጋር መጣ፤ ሲስቮልን መረከብ የቻለው ከዊንዶውስ ሰርቨር 2008 ጀምሮ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ኤፍአርኤስን ጨርሶ አይቀበልም። በአሮጌ ሰርቨር የተተከለ ዶሜይን ያለው መሥሪያ ቤት አዲስ ሰርቨር ገዝቶ ዶሜይን ኮንትሮለር ሊያደርገው ሲሞክር እምቢ የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያ የሲስቮል ሽግግሩ መጠናቀቅ አለበት። ለፈቃድ የሚከፍሉት በጀት ያነሳቸው መሥሪያ ቤቶች ሳምባ በሚባለው ነጻ ሶፍትዌር ዶሜይን መትከል ይችላሉ፤ ሳምባ ግን ሲስቮልን በራሱ አያባዛም። ባለሙያው አርሲንክ የሚባለውን የመገልበጫ ፕሮግራም በሰዓት አስሮ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌሎቹ እንዲገለበጥ ማድረግ ይኖርበታል።

ጠባብ መስመር ላይ ትልቅ ፋይል

ከዲኤፍኤስአር ሥራዎች ሁሉ ለገጠር ወረዳ ይበልጥ የሚጠቅመው ለውጡን ብቻ የመላክ ችሎታው ነው። ሒሳቡን እንሥራ። 10 ሜጋባይት ፋይል በሰከንድ 256 ኪሎቢት በሚያሳልፍ መስመር ሲላክ፣ መስመሩን ሌላ ማንም ሳይጋራው፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሠራተኛው በቀን ሃያ ጊዜ ሴቭ ቢያደርግ መስመሩ ለአንድ ፋይል ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ተያዘ። የተለወጠው ግን ምናልባት አንድ መስመር ነው።

ታዲያ የተለወጠውን እንዴት ለይቶ ያውቃል? አሮጌው ቅጂ ሞጣ፣ አዲሱ ብቸና ነው ያለው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስተያየት መጀመሪያ መላክ ያስፈልጋል፣ መላክ ደግሞ የፈራነው ነገር ነው። መፍትሔው ፋይሉን በትናንሽ ቁራጮች ከፍሎ ለእያንዳንዱ ቁራጭ አጭር የስሌት አሻራ ማውጣት ነው። የሚላከው መጀመሪያ አሻራው ነው፤ ሞጣ ከራሷ አሮጌ ቅጂ አሻራ ጋር አስተያይታ የሌላትን ቁራጭ ብቻ ትጠይቃለች።

ረቂቁ ነገር አቆራረጡ ላይ ነው። ፋይሉን በየ2 ሺህ ባይቱ ብንቆርጠው፣ አንድ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት ፊደል ሲጨምር ከዚያ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ባይት ይንሸራተታል፤ ቁራጮቹ ሁሉ አዲስ ሆነው ይታያሉ፤ ድካሙ ከንቱ ነው። በፈረንጆቹ 1996 አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በአርሲንክ ይህን የፈቱት በፋይሉ ላይ እየተንሸራተተ በሚሰላ አሻራ ነው። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ለዲኤፍኤስአር የሠሩት ዘዴ ደግሞ የመቁረጫውን ቦታ ከይዘቱ ያወጣዋል፤ በዙሪያው ያሉት ባይቶች ስሌታቸው ከጎረቤቶቻቸው ሲበልጥ እዚያ ይቆረጣል። ፊደል ቢጨመርም ከጭማሪው ርቀው ያሉት መቁረጫዎች ከይዘታቸው ጋር አብረው ይሄዳሉ፤ የሚለወጠው በጭማሪው አካባቢ ያለው ቁራጭ ብቻ ነው። ቁራጮቹ በአማካይ 2 ኪሎባይት ያህል ናቸው። ዘዴው ሥራ ላይ የሚውለው ከ64 ኪሎባይት ለሚበልጡ ፋይሎች ነው፤ ከዚያ ያነሰውን እንዳለ መላክ ይቀላል።

ይህ ዘዴ ሁሉንም ፋይል እኩል አያቀልለውም። የዛሬዎቹ የኤክሴልና የዎርድ ፋይሎች በውስጣቸው እንደ ዚፕ የታመቁ ናቸው፤ አንድ ሕዋስ ሲለወጥ የታመቀው ክፍል በብዙው ይቀየራል፤ ቁጠባው ያንሳል። ስካን የተደረገ ሰነድ ደግሞ አዲስ ስለሆነ የሚወዳደርበት አሮጌ ቅጂ የለውም፤ እንዳለ ይሄዳል። ስለዚህ ስካን ለሚበዛበት ፎልደር መርሐ ግብር ማውጣት ይሻላል። ዲኤፍኤስአር በሩብ ሰዓት እየከፈሉ በሥራ ሰዓት በጠባቡ፣ ከመሸ በኋላ በሰፊው እንዲልክ ማዘዝ ያስችላል።

መብራት ሲሄድ፣ መስመር ሲጠፋ

ሰርቨር በድንገት መብራት ሲቋረጥበት የዲኤፍኤስአር ዳታቤዝ በወጉ ሳይዘጋ ይቀራል። ማሽኑ ሲነሣ ዳታቤዙን ከዲስኩ ጋር እያስተያየ ማስተካከል አለበት። በዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ላይ አገልግሎቱ ይህን በራሱ አይጀምርም፤ በቁጥር 2213 መልእክት ጽፎ አስተዳዳሪው እስኪፈቅድለት ይቆማል። በ2012 አር2 ቅንብሩ ተለውጦ በራሱ እንዲቀጥል ተደርጓል። ልዩነቱ ለአዲስ አበባ ቢሮ ትንሽ ነው። በሳምንት ብዙ ጊዜ መብራት ለሚጠፋበት ከተማ ግን አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ ሬፕሊኬሽኑ ለሳምንታት ቆሞ ማንም ላያውቅ ይችላል ማለት ነው። ዩፒኤስ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በወጉ እንዲያጠፋው በኬብል ማገናኘትና ማዘዝ ያስፈልጋል። ብዙ ቦታ የሚቀረው ይህቺ ኬብል ናት።

የመስመሩ መቋረጥ ከዚህ ይከብዳል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በብዙ ቦታ ለወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ አገር 60 ቀን ረጅም ጊዜ አይደለም። ዲኤፍኤስአር ግን ከ60 ቀን በላይ የተለየውን ሰርቨር በመነሻ ቅንብሩ መልሶ አይቀበልም፤ በቁጥር 4012 መልእክት ጽፎ ያንን ፎልደር ያቆመዋል።

ምክንያቱ አሳማኝ ነው። ፋይል ሲሰረዝ መሰረዙም እንደ ለውጥ ይባዛል፤ ሰርቨሮቹ «ይህ ተሰርዟል» የሚል ምልክት ለተወሰነ ጊዜ ይይዛሉ፣ ከዚያ ያጸዱታል። ሞጣ ተቆርጣ ሳለ ማርቆስና ብቸና አንድ ፋይል ሰርዘው ምልክቱንም አጽድተው ከሆነ፣ ሞጣ ስትመለስ ያ ፋይል እሷ ዘንድ ብቻ አለ። ለሌሎቹ አዲስ ሆኖ ይታያቸዋል፤ የተሻረው መመሪያ፣ የተሰረዘው ዝርዝር ተመልሶ ይመጣል። የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዳታቤዝም ተመሳሳይ ገደብ አለው፤ በአሁኖቹ ስሪቶች 180 ቀን ነው። ከዚያ በላይ ተቆርጦ የቆየን ዶሜይን ኮንትሮለር እንደነበረ መልሶ ከማገናኘት አፍርሶ እንደ አዲስ መትከል ይመረጣል፤ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ መለያ ተመልሶ ሊነሣ ስለሚችል።

እግረ መንገዴን፣ ብዙ መሥሪያ ቤት «ሦስት ቦታ ስላለ ባክአፕ አያስፈልግም» ይላል። በእኔ ሙከራ ሞጣ ላይ ፋይሉን ስሰርዘው ከብቸናና ከማርቆስም በሰከንዶች ውስጥ ጠፋ። የተሰረዙት የሚቀመጡበት ፎልደር በአዳዲሶቹ ስሪቶች ከመነሻው 4 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሲሞላ አሮጌው ይጸዳል። ሬፕሊኬሽን ስህተትንም በታማኝነት ያባዛል። ከዶሜይኑ ውጪ የሚቀመጥ ዲስክ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን የሚተካው የለም።

የሚጽፈው ማን ነው?

አንዱ የመንግሥት አገልግሎት ይህን ጥያቄ ገና ከአነሣሡ መልሶታል፤ የገጠር መሬት ምዝገባ። አማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን ይለጠፋል። በስዊድን ድጋፍ በካርታ የታገዘው ምዝገባ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጎዛምን ወረዳ ነበር። የፌዴራሉ ዐዋጅ 456/1997፣ የክልሉ 133/1998፣ ኋላም 252/2009 ሕጉን ደነገጉ። በፊንላንድ ድጋፍም ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ተሠራ። በዚህ ሥርዓት መሠረቱ ወረዳ ነው፤ ውርስ፣ ስጦታ፣ ኪራይ የሚመዘገበው ወረዳ ላይ ነው፣ ክልሉና ፌዴራሉ ቅጂው ይደርሳቸዋል። የእነማይን መሬት ሞጣ አትጽፈውም፣ የሁለት እጁ እነሴንም ብቸና አትጽፈውም። መስመር ቢቋረጥ ቅጂው ይዘገያል እንጂ የሚጋጭ ነገር አይፈጠርም። ይህን ያመጣው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ እያንዳንዱ መዝገብ አንድ ጸሐፊ ብቻ እንዲኖረው መወሰኑ ነው።

የማዳበሪያው ሠንጠረዥም እንዲሁ ሊድን ይችላል። እኔ በሙከራው ፎልደር ውስጥ አንዱን ፋይል ትቼ ለየወረዳው አንዳንድ ፋይል ከፈትሁ። የእነማይን የእነማይ ሠራተኞች ብቻ እንዲጽፉበት፣ ሌላው እንዲያነበው ፈቃድ ሰጠሁ፤ የፋይል ፈቃድ ከፋይሉ ጋር አብሮ ስለሚባዛ በአንዱ ሰርቨር ላይ የሰጠሁት ለሦስቱም በቃ። የዞኑ ማጠቃለያ ከእያንዳንዱ ፋይል ቁጥሩን በቀመር ይስባል። መስመሩን እየቆረጥሁ በሁለቱም በኩል ጻፍሁ፤ ቁጥር 4412 አልመጣም።

የቀረው የጥበቃ ሥራ ነው። የዞኑ ባለሙያ በየጠዋቱ ባክሎጉን፣ ማለትም ወረፋ ላይ ያሉትን ፋይሎች ብዛት በአንድ ትእዛዝ ሊያይ ይችላል። ቁጥሩ ቀን በቀን ከፍ እያለ ከሄደ መስመሩ አልቻለም ወይም አንዱ ሰርቨር ቆሟል።

ሞጣ ከ60 ቀን በላይ ተለይታ ቆይታ 4012 ከመጣ ደግሞ ብዙ ሰው በችኮላ የሚሳሳትበት ቅደም ተከተል አለ። ሰርቨሯን ፎልደሩን ወደሚያባዙት ሰርቨሮች ቡድን መልሰው ሲያስገቧት ማርቆስ ያላት ቅጂ እንደ ዋና ይያዛል፤ ሞጣ ላይ ያለው የተለየ ፋይል ወደ ተጋጩት ፎልደር ይገፋል፣ ማርቆስ የሌላት ፋይልም ወደ ሌላ የተደበቀ ፎልደር ይወጣል። በተቋረጡት ወራት ሞጣ የጻፈችው ሁሉ ከሠራተኛው ዓይን ይሰወራል ማለት ነው። ስለዚህ መስመሩ እንደተመለሰ ማንም ምንም ከመንካቱ በፊት የሞጣ ፎልደር በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ። ከዚያ ሰርቨሯ ትመለስ፣ ከማርቆስ ያለውን ትቀበል፣ ባክሎጉ ባዶ እስኪሆን ትጠበቅ። በመጨረሻ የሞጣ የራሷ የሆኑት ፋይሎች ከዲስኩ አንድ በአንድ፣ የጻፏቸው ሠራተኞች ባሉበት፣ ወደ ቦታቸው ይመለሱ።